በሁዳዴ ልክ የታዘዘ ኪኒን

ስታማታ ቀስ ብላ ስትራመድ ያየ ሰው በደሴታችን ላይ የለም። በኮሪደሩ ላይ የጫማዋ ድምፅ ሲሰማ ያሸለበው ሐኪም ይነቃል፣ ተደብቆ የሚያጨሰው አስታማሚ ሲጋራውን በመስኮት ይወረውራል። የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበረች። እኔ አርጊሮ ከሥሯ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ግማሹን ተኳርፈን፣ ግማሹን ተሳስቀን ነው ያለፈው። አላገባችም። "ባሏ ሆስፒታሉ ነው" ብለው ሲያሟት ጆሮዋ ይገባል፤ "ባል ቢሆንማ ሲመሽ ወደ እናትሽ ቤት ሂጂ ይለኝ ነበር?" ትላለች። ቤት የምትጠብቃት እናቷ ኤቫንቲያ ብቻ ነበረች። ታናሽ እህቷ ማሩሶ ተራራው ላይ ካለው መንደር አግብታ ፍየልና ዶሮ ታረባለች።

ስለ ስታማታ የሚያወራ ሰው ሁሉ ከማሽኑ ነው የሚጀምረው። እኔም ከዚያ ልጀምር፣ ሌላ መጀመሪያ የለውምና።

ድሮ የመድኃኒት ትእዛዝ የሚጻፈው በእጅ ነበር። ዶክተር ካላፋቲስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱን የመሰለ ሐኪም አላየሁም፤ ጽሑፉ ግን ዶሮ የጫረው ነው። ከታች ከመድኃኒት ቤቱ በየቀኑ ይደወላል።

"ሲስተር፣ ይሄ ምን ይላል?"

"እኔ ምን አውቄ! እሱን ጠይቁት እንጂ።"

"ጠየቅነው። 'እኔ ነኝ የጻፍኩት?' አለን።"

እንስቃለን። የሳቅነው አንድ ዓሣ አጥማጅ እስኪሞት ድረስ ነው። ካላፋቲስ አንድ ጻፈ፣ ነጥብ አደረገ፣ ከነጥቧ በኋላ ዜሮ አከለ። ነጥቧ ሳትታይ ቀረች፤ ተረኛዋ ነርስ አሥር ብላ አነበበችው፣ አሥር ብላም ወጋችው። ሰውየው ምሳው ሳይቀርብለት አለፈ። ነርሷ ሥራዋን ጥላ ወደ አቴና ተሻገረች፤ ከዚያ ወዲህ ስሟን ያነሳ ሰው አልሰማሁም። ስታማታ አስክሬኑን አጥባ ስትጨርስ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባች።

"ትእዛዝ በኮምፒውተር ይሁን። እኔ ከእንግዲህ የዶሮ ጭረት አንብቤ ሰው አልገድልም" አለችው።

ዲሬክተሩ አረጋጋት፣ ውሃ ሰጣት፣ ሸኛት። ሌላ ዲሬክተር መጣ፣ ለእሱም ነገረችው። ሌላም መጣ። ሐኪሞቹ ማሽን እንዲያርማቸው አይፈልጉም ነበር፣ መንግሥት ደግሞ ገንዘብ የለኝም ይላል። ከአቴና ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር ስታማታ ከበር ላይ ትይዘዋለች፤ ቡና እንኳ ሳይጠጣ የዓሣ አጥማጁን ታሪክ ትግተዋለች። "ያቺ ባለ ማሽኗ መጣች" እያሉ የሚሸሿት ነበሩ። እሷ ግን እንደ ጥርስ ሕመም ነበረች፣ ካልነቀሏት አትተውም። በመጨረሻ ኮምፒውተሮቹ በመርከብ ተጭነው ሲመጡ ወደቡ ድረስ ወርዳ ተቀበለቻቸው። ሣጥኖቹን የሚያወርዱትን ሰዎች "ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ፣ ድንች መሰላችሁ?" ስትል ሰምቻለሁ።

እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ሰው አድኗል። መጀመሪያ የረገምኩት እኔ ነበርኩ፤ ቆይቶ ያመሰገንኩትም እኔ ነኝ። ሐኪሙ ይጽፋል፣ መድኃኒት ቤቱ በግልጽ ያነባል፣ ነርሷ በበሽተኛው የእጅ አንጓ ላይ የታሰረውን መለያ በማሽኑ መብራት ታነባለች፣ ኪኒኑንም ታነባለች። ሰውየው ራሱ ከሆነ፣ መድኃኒቱም ልኩም ሰዓቱም ካልተሳሳተ አረንጓዴ ይበራል። ካልሆነ ቀይ። ፔኒሲሊን የማይስማማቸውን አንዲት እናት ከሞት ያተረፈው ያ ቀይ መብራት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስሕተታችን በአንድ ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። ዲሬክተሩ ይህን በመስታወት አስገጥሞ ከመግቢያው በር አጠገብ ሰቀለው።

ነገር ግን ማሽኑ ወሬኛ ነው። ለራስ ምታት ኪኒን ይጮኻል፣ ለሆድ ማለስለሻ ይጮኻል፣ በሽተኛው ሽማግሌ ስለሆነ ብቻ ይጮኻል። በየጩኸቱ ቢጫ መስኮት ብቅ ይላል፤ ሐኪሙ "ቀጥል" የሚለውን ተጭኖ ያልፋል። ሲውል ሲያድር ማንም ሳያነበው መጫን ሆነ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ለሁሉ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያም እንዲሁ ነው።

ከእጅ ጽሑፉ ጋር አብሮ የሄደ ሌላ ነገር ነበር፣ ያን ጊዜ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። እኛ አገር በሽተኛ የሆስፒታል ምግብ አይበላም፤ ዘመድ ከቤት ያመጣለታል። ካላፋቲስ ሲዞር የየሰውን ሳህን ክዳን ያነሳል። ጎረምሶቹ ሐኪሞች "ምሳ የሚለምን ነው የሚመስለው" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በሁዳዴ ደሴቱ በሙሉ የሚበላው የዱር ጎመን ነው፤ ሴቶቹ ከኮረብታው ለቅመው፣ ቀቅለው፣ ሎሚ ጨምቀውበት ያመጡታል። ጎመን ደግሞ የደም ማቅጠኛ ኪኒንን ጉልበት ይሰብራል። ስለዚህ ካላፋቲስ በሁዳዴ የኪኒኑን ልክ ከፍ ያደርጋል፤ በፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል። ሲጽፍ "ነገ ሥጋ ነው" ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። ለማንም አላስተማረውም፣ እኛም አልጠየቅነውም። እሱም ማሽኑ በመጣ በሁለተኛው ክረምት ሞተ።

እሱ ከሞተ በኋላ በመጣው ሁዳዴ አጋማሽ የስታማታ እናት እማማ ኤቫንቲያ እኛ ክፍል ገብተው ተኙ። ድሮ አቴና ላይ በልባቸው ውስጥ የብረት በር ተገጥሞላቸዋል፤ ያ ብረት ያለው ሰው ዕድሜ ልኩን የደም ማቅጠኛ ኪኒን ይውጣል። በየጊዜው ደሙ ተወስዶ በቁጥር ይለካል። ቁጥሩ በጣም ከወረደ ደሙ ብረቱ ላይ ይረጋል፣ በጣም ከወጣ የትም ይፈስሳል። የእማማ ኤቫንቲያ ቁጥር ወርዶ፣ የረጋች ትንሽ ደም ወርዳ እግራቸውን ያዘች። እግሩ ዳነ። የቀረው ቁጥሩን ማስተካከል ነበር።

ስታማታ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ከፋሲካ በኋላ እናቷን በእግሯ አስኪዳ ቤት ማስገባት። ጠዋት ስትገባ "ደህና አደራችሁ" ከማለቷ በፊት ቁጥሩን ትጠይቃለች። ሴትዮዋ ግን ጾም የሚባል ነገር ላይ ቀልድ አያውቁም።

"እማዬ፣ አንድ እንቁላል ብቻ። ሐኪሙ ፈቅዷል" ስትላቸው ሰምቻለሁ።

"ሐኪሙ ጳጳስ ሆነ እንዴ? ጀርመን ባገራችን ላይ እያለ፣ ረሃብ ሳለ የጾምኩ ሰው በአንቺ ኪኒን ልፈታ? ሂጂ ወደዚያ።"

"አንቺ ሴትዮ ትገድዪኛለሽ።"

"እኔ ነኝ የወለድኩሽ፣ ብገድልሽ ማን ይጠይቀኛል?"

ማሩሶ በየቀኑ ከተራራው በአውቶቡስ እየወረደች ጎመኑን ታመጣለች፣ እሷው በእጇ ታጎርሳቸዋለች። ስታማታ ጎመኑን አላስቆመችም። ነርስ ናት፣ ታውቃለች፤ ዋናው ምግቡ አለመለዋወጡ ነው፣ ኪኒኑ በጎመኑ ልክ ይሰፋለታል ብላ ነው። ወጣቱ ሐኪማችን ፎቲስ በየሁለት ቀኑ ደም እያየ ልኩን ትንሽ ትንሽ ከፍ አደረገ። በሕማማት ሐሙስ ቁጥሩ የሚፈለገው ሦስት ገባ። የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ያሸነፈች ይመስል ስታማታ ኮሪደሩን በደስታ ስትመላለስ ዋለች።

ፎቲስ የተሰሎንቄ ልጅ ነው፣ ጥሩ ልጅ። እናቱን ካየ ዓመት ሊሞላው ነበር። በሐሙሱ መርከብ ካልተሳፈረ ፋሲካን እኛ ጋ ሊውል ነው፤ ከቤተሰቡ ውጭ ፋሲካን የዋለ ሰው ደግሞ እኛ ዘንድ እንደ ሟች ይታዘንለታል። ኮቱን ለብሶ፣ ሻንጣውን ከእግሩ ሥር አድርጎ፣ የበሽተኞቹን ሁሉ ትእዛዝ እስከ ረቡዕ ያራዝም ነበር። በወረቀቱ ዘመን ይህ አይቻልም፤ የደም ማቅጠኛ ማታ ማታ እንደ አዲስ ይጻፋል፣ የሚጽፈው ሐኪምም በሽተኛውን ማየቱ አይቀርም። ማሽኑ ግን ያራዝማል።

እማማ ኤቫንቲያ ላይ ሲደርስ ቢጫው መስኮት ብቅ አለ። ስታማታ ከኋላው ቆማ ነበር፣ እኔም አልጋ እያነጠፍኩ።

"ሲስተር፣ ያለ አዲስ የደም ምርመራ ነው የምታራዝመው ይለኛል። ላብራቶሪው ደግሞ እስከ ረቡዕ ለድንገተኛ ብቻ ነው። ምን ይሻላል?"

"ዛሬ ስንት ነው ቁጥሯ?"

"ሦስት። ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል?"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? መርከቡ ሊሄድብህ ነው።"

"እርስዎ ካሉ እንግዲህ…"

"አልኩህ። ቀጥል በለውና ሂድ፣ ልጄ። እናትህ ደጅ ደጁን እያየች ነው።"

እማማ ኤቫንቲያ ከአልጋቸው ላይ ሆነው "አንተ ልጅ!" ብለው ጠሩት። "ለእናትህ ክርስቶስ ተነሣ በልልኝ። ግን እሁድ ነው የምትላት፣ ዛሬ ገና አልሞተም።" ሳቀና እጃቸውን ስሞ ወጣ። እኔም በማግስቱ ወደ ባሌ መንደር ሄድኩ፣ እስከ ረቡዕ።

በዓሉን በሙሉ ስታማታ ምድር ቤቱ ድንገተኛ ክፍል ነበረች። በፋሲካ ሰው ያንሳል፣ ጣጣው ይበዛል፤ ርችት እጁን ያቃጠለው፣ ሰክሮ ከሞተር ብስክሌት የወደቀው፣ በግ ሲጠብስ ራሱን የጠበሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚመጣው። ወደ ላይ የምትወጣው እናቷን ስማ ለመመለስ ያህል ነበር። ከልጆች ክፍል ተውሰን ያመጣናት ነርስ ማታ ማታ ኪኒኑን ትሰጣለች፤ የአንጓውን መለያ ታነባለች፣ ኪኒኑን ታነባለች። እሁድ አረንጓዴ፣ ሰኞ አረንጓዴ፣ ማክሰኞ አረንጓዴ። ማክሰኞ እማማ ኤቫንቲያ ራሴን አመመኝ አሉ። ማስታገሻ ተሰጣቸው።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ ስገባ አልነቃ ብለው አገኘኋቸው። በአንድ ወገን አፋቸው ተጣሟል፣ ክንዳቸው ላይ እንደ በለስ የጠቆረ ሰምበር ወጥቷል። ስታማታን ጠራኋት። ደረጃውን እንዴት እንደወጣች አላውቅም። ደሙን ራሷ ቀዳች፣ ራሷ ላብራቶሪ ይዛው ወረደች። ቁጥሩ መለኪያው ከሚያነበው በላይ ነበር። ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ወደ አቴና የሚወስዳቸው ሄሊኮፕተር ተጠራ፤ ሳይደርስ አረፉ።

አብረን ነው ያጠብናቸው። ስታማታ አላለቀሰችም። እግራቸው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"አርጊሮ፣ ካላፋቲስ በፋሲካ ዋዜማ ምን ነበር የሚያደርገው?"

የምትጠይቀኝ ነገር ሳይገባኝ መለስኩላት። "ምን አደረገ? ደም ማቅጠኛውን ይቀንስ ነበራ። 'ነገ ሥጋ ነው' እያለ።"

መሬት ላይ ቁጭ አለች። እርጥቡ ወለል ላይ፣ ፎጣውን እንደያዘች። የጎመኑ ምንቸት ወጥቶ የሥጋው ድስት ገብቷል፤ ኪኒኑ ግን በጎመኑ ልክ እንደተሰፋ ቀጥሏል። ሊሰብረው የሚገባው ጎመን የለም፣ እሱ ግን በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ ነበር። ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ አየችው። እኔም አየሁት።

ፎቲስ የመጣው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። እናቱ የጋገረችውን፣ ቀይ እንቁላል የተሰካበትን የፋሲካ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ከደረጃው ጀምሮ ይጮኻል፤ "ክርስቶስ ተነሣ! ሲስተር የት አሉ? እናቴ ለእርስዎ ነው ያለችው!" የእማማ ኤቫንቲያ ፍራሽ ተጠቅልሎ ሲያይ ከበሩ ላይ ቆመ። ስታማታ ዳቦውን ተቀበለችው። "በእውነት ተነሣ" አለችው። "እጇ ይባረክ በላት።" ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲንሰቀሰቅ እሷ ናት ያነሣችው። አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችውም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

ከአቴና አጣሪዎች መጡ። ስክሪኑን አዩ፣ ገለበጡ፣ ሄዱ። የሰጡት ቃል አጭር ነበር፤ በሽተኛዋ ራሷ ናት፣ መድኃኒቱ የታዘዘው ነው፣ ልኩም ሰዓቱም አልተዛነፈም፤ የመድኃኒት ስሕተት የለም። ሆስፒታሉ ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን አለ። ስታማታ ግን አነሣችው። ለመሞገት ስትገባ እኔንም ይዛኝ ገባች።

"የእናቴ ሞት የመድኃኒት ስሕተት ተብሎ ይመዝገብልኝ" አለችው ለዲሬክተሩ።

"ሲስተር ስታማታ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ግን ይህን ማሽን ያመጡት እርስዎ ነዎት። ጠላቱ ብዙ ነው፣ ሰበብ ነው የሚፈልጉት። ወደ ወረቀቱ እንመለስ?"

"ወረቀቱ ይቅር። ማሽኑ ያለ ምርመራ ደም ማቅጠኛ እንዳያራዝም ይዘጋ፣ እሱን ብቻ ነው የምለው። ስሕተት ካልተባለ ማንም አይዘጋውም።"

ዲሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "ምግቧ ተለወጠ ነው የሚሉኝ። በማሽኑ ላይ እስከ መጨረሻው ቀን የጾም ምግብ እንደቀረበላት ነው የሚታየው። የበላችው ከቤት የመጣውን ነው ይሉኛል፤ ማን አየ? እርስዎ አላዩም። በግምት ለአቴና አልጽፍም። በእጁ ያጎረሳት ሰው ቃሉን ይስጥ፣ ምን ምን እንደበላች፣ ጎመኑ መቼ እንደቆመ ይናገር። እኔ ራሴ ፈርሜ እልከዋለሁ፣ ይዘጋልም።"

ያጎረሰቻቸው ማሩሶ ናት። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ ባለቤቶቹ ሁለቱ እህትማማቾች ናቸው። ከአርባው መታሰቢያ በኋላ ስታማታና እኔ ወደ ተራራው ወጣን።

ማሩሶ ጥቁር ለብሳ ከቤቷ ደጅ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ከስታማታ በሰባት ዓመት ታንሳለች፣ ያን ቀን ግን እሷ ናት ታላቅ የምትመስለው። ከውስጥ ወንበር አወጣችልን፣ አይብ ቆረሰችልን። ስታማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ጭኗ ላይ አኖረች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፣ ማሩሶዬ። የሆስፒታል ጣጣ ነው። እማዬ ከፋሲካ ጀምሮ ምን ምን በላች?"

"ምን ልትበላ፣ በግ ነዋ! ደስ ብሏት በላች፣ እታለም። ጥርስ የለኝም ትል የነበረችው አጥንቱን ስትግጥ ብታያት! ሰኞ ደግሞ ጉበት ጠብሼ ወሰድኩላት። ማክሰኞ የእሁዱን ትራፊ በላች፣ ራሷን እያመማትም እንኳ።"

"ጎመኑስ?" አለች ስታማታ። ድምፅዋ ልክ እንደ ሥራ ቦታ ነበር።

"እሁድም ለምዶብኝ ቀቅዬ ይዤላት ሄጄ ነበር እኮ። 'ወዲያ በይልኝ፣ ጌታ ተነሥቶም ልጾም ነው?' አለችኝ። ስንስቅ፣ ስንስቅ! መልሼ አምጥቼ ለዶሮዎቹ በተንኩት።" ማሩሶ ፈገግ እንዳለች እህቷን አየቻት፣ ከዚያ ጭኗ ላይ ያለውን ወረቀት አየች። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። "ለምንድን ነው የጎመኑን የምትጠይቂኝ?"

ስታማታ ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች።

"እታለም። ጎመኑ ምን አደረገ?"

"ምንም።"

"አትዋሺኝ። ሐኪሙ ሁልጊዜ 'ምግቧን አትለዋውጡ' ይል ነበር። እኔ የመሰለኝ… እኔ እኮ ደስ እንዲላት ነው።" ባቄላው ከጭኗ ላይ ተደፋ። "ያን ጎመን ግድ ብዬ ባጎርሳት ኖሮ፣ እናቴ ትኖር ነበር?"

በሕይወቴ ስታማታ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም። ሊሞት ላለ ሰው እንኳ አትዋሽም፤ "ቄስ ይጠራልህ?" ነው የምትለው። በዚህ ጭካኔዋ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። እስክሪብቶዋን ዘጋች፣ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች፣ ተንበርክካ ባቄላውን መልቀም ጀመረች።

"የለም፣ እህቴ። ዕድሜ ነው። ልቧ አርጅቶ ነበር፣ ብረቱም አርጅቶ ነበር። አንቺ ያጎረስሻት በግ ነው ደስ አሰኝቶ የሸኛት። እኔን የሚቆጨኝ አብሬያችሁ አለመብላቴ ነው።"

"ማይልኝ።"

"በእማዬ አጥንት።"

ማሩሶ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔ ፍየሎቹን አያለሁ።

ስንወርድ አላስቻለኝም። አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኗ ተቀምጬ "የሚቀጥለው ሰውስ? የሰው እናት እናት አይደለችም?" አልኳት። "ራስሽ ነሽ እኮ ስሕተት ካልተባለ አይዘጋም ያልሽው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"እሷ በእጇ ነው ያጎረሰቻት፣ አርጊሮ። ይህን ብጽፍ ማሩሶ ከእንግዲህ እንዴት አድርጋ ለሰው ምግብ ታቀርባለች? 'ቀጥል በለው' ያልኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ልሸከመው። እሷ አትችለውም።"

ለዲሬክተሩ "ምስክር የለኝም" አለችው። እሱም ተነፈሰ። በዓመቱ መጨረሻ የሆስፒታሉ የመድኃኒት ስሕተት ከበፊቱም ቀንሶ ተገኘ፣ ከአቴና የምስጋና ደብዳቤ መጣልን። ፎቲስ ተዛውሮ ሄደ። እሱ እስከነበረ ድረስ ደም ማቅጠኛ ያለ ምርመራ አላራዘመም፤ እሱ ሲሄድ ነገሩም አብሮት ሄደ። ስታማታ በመከር ጡረታዋን ወስዳ ወጣች። ስንብት ስናዘጋጅላት ዲሬክተሩ "ለስንት ሕይወት ምክንያት የሆነች" ብሎ አሞገሳት። ልክ ነው፣ ብዙ ሰው አድናለች። እሷ ግን ምስጋናውን እንደ ስድብ ነው የሰማችው፤ ኬኩን ሳትቀምስ ሄደች።

በሚቀጥለው ዓመት በሕማማት ሐሙስ አዲሱ ሐኪም ኮቱን ለብሶ ትእዛዞቹን እስከ ረቡዕ ያራዝም ጀመር። ስድስተኛ አልጋ ላይ አንድ ንብ አርቢ ሽማግሌ አለ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፤ ሁዳዴውን በሙሉ ምራቱ ጎመን ስታመላልስለት ነበር። ከኋላው ቆሜ "ዶክተር፣ የእሱን አያራዝሙ፤ ከፋሲካ በኋላ ይቀነስ፣ ቢያንስ ሰኞ ደሙ ይታይ" አልኩት።

ልጁ ትሑት ነው፣ በቅንነት ነው የዞረልኝ። "ለምን፣ ሲስተር? እዚህ ደርሶ ያውቃል? የት ተጽፏል?"

የትም አልተጻፈም። ስታማታን በልቤ የረገምኳት ያን ጊዜ ነው። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ የሽማግሌው ምራት ሳህኖቿን እየሰበሰበች አጠገባችን ቆማለች። የማሩሶ ጎረቤት ናት። እዚህ ደሴት ላይ ጠዋት የተነገረ ነገር ቀትር ላይ ተራራው ጫፍ ይደርሳል።

"የትም" አልኩት፣ ሐኪሙም ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።